ሟርተኛው አናጢ

አንድ የበርበሬ ነጋዴ ነበር፤ ስሙ ታፈረ። ከሚስቱ ከውድነሽ ጋር አሥራ ስምንት ዓመት ከኪራይ ቤት ወደ ኪራይ ቤት ሲዞሩ ኖረዋል። አንዷ አከራይ ውሃ አበዛችሁ ትላለች፣ ሌላው ልጄ ሊያገባ ነውና ልቀቁልኝ ይላል። ውድነሽ ዕቃ ማሰርና መፍታት ስለ ሰለቻት ግማሹን ሳጥን መክፈቱን ትታው ነበር። በዚህ ዓለም የምትመኘው አንድ ነገር ነው፤ ማንም ተነሥቶ ውጪ የማይላት የራሷ ቤት።

ከዕለታት አንድ ቀን ከገበያው በላይ ባለው ሰፈር የሚሸጥ ቤት ተገኘ። ሻጩ አቶ ገድሉ ናቸው፤ ለዕርቅም ለሠርግም ከፊት የሚቀመጡ፣ ከተማው የሚያከብራቸው ሰው። ቤቱ የእንጨትና የጭቃ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ገና ትናንት የተቀባ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ጣሪያውን የተሸከመ ወፍራም ምሰሶ አለው። ውድነሽ በሩን አልፋ ሦስት እርምጃ ሳትራመድ አልጋው የት እንደሚቆም ወስና ጨረሰች።

በዚያ ከተማ የቤት ሽያጭ ወግ አለው። ሻጭና ገዢ በዋጋ ከተስማሙ በኋላ ሽማግሌዎች እዚያው ቤት ውስጥ ተቀምጠው ይመርቃሉ። ከተመረቀ በኋላ ማንም ወደ ኋላ አይልም፤ ነውር ነው። ታፈረ ታዲያ ቤቱን የሚያይለት አናጢ ይዞ የመጣው መቼ ይመስላችኋል? በምርቃቱ ቀን! ሽማግሌዎቹ ወንበር ይዘው ከተደረደሩ በኋላ! ከዚያ በፊት ሳምንት ሙሉ ምን ሲሠራ እንደነበር አትጠይቁኝ።

አናጢው ጋሽ ጥላዬ ይባላል። ብዙ አያወራም። ግድግዳውን አላየም፣ ቀለሙንም አላደነቀም። ከኪሱ ወስፌ አውጥቶ በቀጥታ ወደ ምሰሶው ሄደና ጎንበስ ብሎ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ያለውን ቦታ ወጋው። ወስፌው እስከ እጀታው ድረስ ገባ። ሁለት የማዕዘን ቋሚዎችንም ሄዶ ወጋ፤ እነሱም እንደዚያው። ከዚያ አዲሱን ቀለም በጥፍሩ ሲፍቀው ከሥሩ ጣት የምታህል የአፈር መስመር ወደ ጣሪያው ስትወጣ ታየች።

«ምስጥ ነው» አለ ጋሽ ጥላዬ። «ምሰሶውን ከውስጥ ጨርሶታል። ሁለቱ ቋሚዎችም ተበልተዋል። አሁን የቆመው ልጡ ነው።»



«ኧረ አታሟርት!» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ። «ሰው ቤት ሊመርቅ በተቀመጠበት ምን ዓይነት ንግግር ነው?»

«አላሟረትኩም አባቴ፣ ያየሁትን ነው የተናገርኩት። ደግሞ ቤቱ አይገዛ አላልኩም። ጣሪያውን በድጋፍ እንያዘው፣ ምሰሶውንና ቋሚዎቹን በጽድ እንለውጥ፣ ከሥራቸው ድንጋይ እናስገባ። ስገባ ጓሮ ያየሁትን የምስጥ ኩይሳም ቆፍረን እናውጣ። የሁለት ሳምንት ሥራ ነው።»

የሁለት ሳምንት ሥራ! ይህን ልብ በሉልኝ።

አቶ ገድሉ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ሠላሳ ዓመት የኖርኩበት ቤት ነው። በሰው ፊት እንዲህ መዋረድ አልነበረብኝም» አሉ።

ታፈረ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሰውየውን ቤቱን እይልኝ ብሎ የጠራው ራሱ ነው፤ አሁን ግን ስለ ምሰሶው ማሰቡን ትቶ የአቶ ገድሉን ፊት ብቻ ያያል። «በቃ ጋሽ ጥላዬ፣ ይበቃል። ሰው አታስቀይምብኝ» ብሎ ክንዱን ይዞ አስወጣው።

ውድነሽ ወደ ባሏ ጆሮ ጠጋ ብላ «ታፈረ፣ ወስፌው እኮ እስከ እጀታው ገባ» አለችው።

«ዝም በይ፣ ይሰማሉ።»

ሽማግሌዎቹ ቤቱን የሳቅ፣ የደስታ፣ የልጅ ልጅ ማያ ያድርግላችሁ ብለው መረቁ። አሜን ተባለ፤ ባልና ሚስቱም ቤቱን ገዝተው ገቡ። ያንን ሁሉ ምርቃት የሰማው ምስጥ ግን መብላቱን አላቆመም።

ታፈረ ሞኝ አልነበረም፤ ወስፌው ከሐሳቡ አልወጣ አለው። ስለዚህ ከሳምንት በኋላ ሌላ አናጢ ጠራ። ሆኖም ሲጠራው ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ወስፌም መዶሻም ይዘህ እንዳትመጣ፤ እንዲሁ በዓይንህ እየው» አለው! ሰውየውም መጣና በዓይኑ አየ። «ቀለሙ ያምራል» ብሎ የድካሙን ተቀብሎ ሄደ። ታፈረ ለሚስቱ «ይኸው፣ ባለሙያ ሰው መረመረው» አላት። እኔ ይህን ታሪክ በተናገርኩ ቁጥር እዚህ ጋ ስደርስ ደሜ ይፈላል።

ያቺ የአፈር መስመር በየወሩ ትወጣለች፤ ታፈረ በየወሩ ይፍቃትና ቀለም ይቀባባታል። በሦስተኛው ወር መስመሮቹ አራት ሆኑ፤ እሱም መጋረጃ ሰቀለባቸው። ውድነሽ ጠዋት ስትጠርግ ምሰሶው ሥር እንደ ጥሩ ዱቄት የላመ ብናኝ ታገኛለች። ጣሪያው ሲጢጥ ይላል። ለባሏ በነገረችው ቁጥር መልሱ አንድ ነው።

«አታሟርቺ!»

በከተማው ደግሞ ጋሽ ጥላዬን የሚያሠራው ሰው ጠፋ። የሰው ቤት ምርቃት ላይ ያሟረተ ተብሎ ስሙ ወጣ። በር የሚያስገጥም፣ አልጋ የሚያሠራ ሁሉ መንገዱን አሳብሮ ያልፈዋል። ምስጥ ያየ ሰው ተቀጣ፤ በምስጥ ላይ ቀለም የቀባ ሰው ግን እንደ ተከበረ ቀረ።

ክረምት ገባ። አንድ ጠዋት ውድነሽ በሩን ልትዘጋ ብትሞክር በሩ አልገጥም አለ፤ ጣሪያው በአንድ ወገን ዘምሟል። ባሏ ገበያ ነበር። አልጠበቀችውም፤ ነጠላዋን አጣፍታ ጋሽ ጥላዬ ቤት ሄደች። እሱም ክፉም ደግም ሳይናገር ተነሥቶ መጣ። ምሰሶውን መውጋት እንኳ አላስፈለገውም፤ በመዳፉ ቢጫነው እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ።

«ልጄ፣ ዛሬውኑ ዕቃሽን አውጪ» አላት።

ታፈረ ከገበያ ሲመለስ አልጋው፣ ሳጥኑ፣ የበርበሬው ጆንያ ሁሉ ደጅ ተደርድሯል። ጎረቤት ቆሟል፤ የመረቁት ሽማግሌዎችና አቶ ገድሉም ሳይቀሩ ወሬውን ሰምተው መጥተዋል።

«ምን ጉድ ነው የሠራሽው? ሰው ምን ይለኛል?» ብሎ ጮኸባት። ወደ አናጢውም ዞሮ «አንተ ሟርተኛ፣ አሁንም መጣህ?» አለው። ከዚያ ሳጥኑን ተሸክሞ ወደ ቤት ገባ።

ሽማግሌዎቹም አገዙት። «ልክ ነው፤ ዕቃ ደጅ ማውጣት ገደ ቢስ ነው። አስገቢው ልጄ» አሏት።

ውድነሽ አሥራ ስምንት ዓመት ዕቃ ያሰረች ሴት ናት። ይህ ቤት እንዲወድቅ ከእሷ በላይ የማይፈልግ ማን አለ? ቢሆንም እንባዋን ጠርጋ በሩ አጠገብ ቆመች።

«እሺ አባቶቼ፣ አስገባለሁ። ግን ቀድማችሁ ግቡልኝ። እንደ ያኔው ምሰሶው ሥር ተቀመጡና አንዴ መርቁልኝ።»

የመጀመሪያው ሽማግሌ ጉልበቴን ያመኛል አሉ። ሁለተኛው ልቅሶ እንዳለባቸው አሁን ትዝ አላቸው። ሦስተኛው ምርቃት ከደጅም ይደርሳል አሉ።

ውድነሽ ወደ አቶ ገድሉ ዞረች። «እርስዎስ? ሠላሳ ዓመት የኖሩበት ቤት አይደል? ይግቡ እንጂ።»

አቶ ገድሉ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩት። ከዚያ ከቤቱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

ታፈረ ሳጥኑን እንደ ተሸከመ ከምሰሶው አጠገብ ሆኖ ይህን ሁሉ አየ። የደጁ ሰው ሁሉ እሱን ትቶ ከራሱ በላይ ያለውን እንጨት ይመለከታል፤ አንድም ሰው ግን ውጣ አላለውም። ከነሳጥኑ ሮጦ ወጣ።

ዝናቡ ከሰዓት በኋላ መጣ። ቤቱ ብዙ አልታገለም። ምሰሶው ከወገቡ ተቀነጠሰ፣ ቆርቆሮው ተንጋጋ፣ ያ የሚያምር ግድግዳ ጭቃ ሆኖ ወደ መንገዱ ፈሰሰ። አንድም ሰው አልተጎዳም።

አሁን እንግዲህ ጋሽ ጥላዬ ይመሰገናል ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። ጎረቤቱ ምን አለ መሰላችሁ? «አላልንም? አፉ ደረሰ! ሟርቱ ቤቱን ጣለው!» ታፈረ ደግሞ ፍርስራሹ ፊት ቆሞ አናጢውን ምን አለው? «ጋሽ ጥላዬ፣ ያን ጊዜ አጥብቀህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

  የመለሰችው ውድነሽ ናት።

«እሱ ባይናገር ኖሮ ዛሬ ሁላችሁም ልቅሶ ላይ ነበራችሁ፤ የእኔ ልቅሶ ላይ» አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ሳጥኖቿን እንደገና ማሰር ጀመረች። ያን ሳምንት ኪራይ ቤት ገቡ፤ ውሃ አበዛችሁ የምትል ሌላ አከራይ ዘንድ።

ክፉ ነገር ስሙ ስለ ተጠራ አይመጣም፤ ስሙ ስላልተጠራም አይቀርም። ያ ቤት ሕመሙን የሚያውቅለት ሰው አልጎደለውም። ሻጩ ያውቃል፣ ሽማግሌዎቹም ጠርጥረዋል፣ ገዢው ራሱ ወስፌው ሲገባ በዓይኑ አይቷል። አንዱ ብቻ ተናገረ፤ እሱን ሟርተኛ አሉት። በይሉኝታ ዝም ማለትን ጨዋነት ነው እንላለን፤ የተናገረውን ሰው አፉ ክፉ ነው እንላለን። ከዚያ ጣሪያው ሲወርድ ለምን አጥብቆ አልነገረንም ብለን የምንወቅሰው ያንኑ ሰው ነው።

እስቲ ይህን ያነበባችሁ፣ በቤታችሁ፣ በመሥሪያ ቤታችሁ ወይም በማኅበራችሁ «አታሟርት» ብላችሁ ዝም ያሰኛችሁት ሰው የለም? ካለ ቀለም መቀባቱን ተዉና ዛሬውኑ ሄዳችሁ ምን አይቶ እንደነበር ጠይቁት።