የድኩላ ኮቴ

አንበሳ በሚገዛው ጫካ አንድ ደግ ሕግ ነበር። ጤነኛው ዳገት ወጥቶ ይግጣል፤ እግሩ የተሰበረ ወይም ደዌ የጣለው ግን ወንዙ ዳር ካለው ለምለም ጨፌ ያለ ከልካይ ይበላል። በዚያ አገር ድምፅ የሚሰጠው በኮቴ ነው። እንደራሴዎቹ በዋሻው ውስጥ በተለቀለቀ ጭቃ ላይ ያልፋሉ፤ «ጨፌው ይቆይ» ያለ በቀኝ፣ «ይጥበብ» ያለ በግራ ይረግጣል። ጭቃው ይደርቅና ውሳኔው እዚያው ይቀመጣል። ተመልሶ የሚያየው ግን አልነበረም።

እመት ሚዳቋ ገደል ገብታ የኋላ እግሯ ከተሰበረ ሦስት ክረምት አልፏል። በሦስቱም ክረምት ጨፌው እየጠበበ ሄዶ አሁን የቀረው ለጥቂቶች እንኳ አይበቃም። የሣር በሎች እንደራሴ ድኩላ ግን አንድም ጊዜ ሳይጠይቃት ቀርቶ አያውቅም። እግሯን እያየ ያለቅሳል፣ «እኔ እያለሁ ማን ይነካችኋል?» ይላል። ዕንባው የምሩን ነበር፤ የሚያናድደውም እሱ ነው።

ዘንድሮ ጅብ አዲስ ሐሳብ አቀረበ። ሕመምተኛ ነኝ ያለ ሁሉ ተራራው ጫፍ ወጥቶ ይመርመር፤ መርማሪውም እኔ ልሁን አለ። ጅብ ለሕመምተኛ መጨነቅ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው ብሎ የጠየቀ የለም።

እመት ሚዳቋ ደነገጠች። ያን ዳገት መውጣት ብትችል ኖሮ ጨፌውን ምን ትሠራበታለች? ድኩላን ልትማጸን ወደ ዋሻው እያነከሰች ሄደች። ከጉባኤው ቀድማ ስለደረሰች በየዓመቱ ተለቅልቆ የደረቀውን ጭቃ አየች። ጫፉ የተሸረፈውን የድኩላን ኮቴ ታውቀዋለች። ሦስቱንም ዓመት በግራ ነበር።

ጉባኤው ሲሞላ ተነሣች።

«ጋሼ ድኩላ፣ ይህ ኮቴ የማን ነው?»

ድኩላ ጭቃውን አየና አንገቱን ደፋ። «እህቴ፣ የኔ ነው። ወገኖቼ በግራ ሲያልፉ ብቻዬን በቀኝ ልለፍ? ልቤ ግን ሁልጊዜ ከናንተ ጋር ነው።»

«በልብዎ ላይ ሣር አይበቅልም፣ ጋሼ» አለች።

ጉባኤው ወደ ጭቃው አጎነበሰ። ብዙዎቹ የየራሳቸውን ኮቴ እየፈለጉ ነበር። አንበሳም ነገሩ ከባድ መሆኑን አምኖ፣ የተከበረ እንደራሴ በአደባባይ ማፈሩ እንዳይደገም ጭቃው ከድምፅ በኋላ ወዲያው እንዲደመሰስ አዘዘ። ይህ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። የጅብም ሐሳብ አለፈ፤ ማን በየት በኩል እንደረገጠ የሚታወቅ ነገር የለም።

በማግስቱ እመት ሚዳቋ ዳገቱን ጀመረች። ከፊቷ ከሚወጡት ሕመምተኞች ክንፏ የተሰበረ አንዲት ቆቅ ብቻ ጫፍ ደረሰች፤ ይህን ከወጣሽማ ጤነኛ ነሽ ተብላ ተመለሰች። ያልደረሱት ደግሞ አላመለከቱም ተባለ።

ሚዳቋ አጋማሹ ላይ ጉልበቷ ከዳት። እንደ ተንበረከከች ከላይ አዋጅ ሲነገር ሰማች፦ «በጫካችን አንድም ሕመምተኛ አልተገኘም። ጨፌው ለጤነኞች ይከፋፈል።»

ዘወር ብላ ቁልቁል አየች። መርማሪው ጅብ ሥራውን ጨርሶ፣ በሌላ መንገድ ወርዶ፣ ከበታቿ ቀስ እያለ ዳገቱን ይወጣ ነበር።