ቀስ ብሎ ያንኳኳው ሰው

ምእመናን፣ ጆሯችሁን አውሱኝ። ይህን ምሳሌ በተናገርኩበት ጉባኤ ሁሉ የሚያስል ሰው እንኳ አይገኝም፤ የአጥር ላይ ወፎች ሳይቀሩ ዝም ይላሉ።

አንድ ሰው ነበረ። የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ነው። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም አለው፤ ባልደረቦቹ ግን አቶ ጥብቅ ነበር የሚሉት። ለምን? ያገኘው ወረቀት ላይ ሁሉ «ጥብቅ ምስጢር» የሚለውን ማህተም ያሳርፍ ስለነበር ነዋ። የዝናብ መጠን ሪፖርት፣ ምስጢር። የተሰበሩ ወንበሮች ዝርዝር፣ ምስጢር። ያ ማህተም ሲያርፍ ጠረጴዛው ብቻ ሳይሆን አገር ይናወጥ ነበር ብላችሁ ያዙልኝ።

ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ አንዲት ክፍል ነበረችው። መስኮት የላትም። በሯ ብረት ነው፤ አሥር ጥንድ በሬ ቢጠመድ አይነቀንቀውም። መኖሯን ከእርሱ በቀር ማንም አያውቅም ብሎ ያምናል። እዚያች ክፍል ሲገባ የመንግሥት ምሰሶ ነው፤ ሲወጣ አስም ያለበት፣ ጡረታው የተቃረበ ሰው።

አንድ ቀን ከበላይ ደብዳቤ መጣ። ዘመኑ አልፏልና የቆዩት ሰነዶች ምስጢርነታቸው ተነሥቶ ለሕዝብ ይከፈቱ ይላል፤ ክፍሏን የሞሏት እነዚያው ናቸው። አቶ ጥብቅ ደጋግሞ አነበበው። ምስጢሩን ከወሰዱበት ምን ይቀረዋል? ደብዳቤውን አጥፎ የውስጥ ኪሱ ከተተው። ለማንም ትንፍሽ አላለም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሠራተኛው ለበዓል ሊበተን ሲል፣ ሰነዶቹን ሌላ ቦታ ሊሸሽግ ወደ ክፍሏ ገባ። ቁልፉን በውጭ በኩል በሩ ላይ እንደተሰካ ረሳው። ንፋስ ይሁን የእግዚአብሔር ጣት፣ በሩ ተወርውሮ ተዘጋ። በውስጥ በኩል መክፈቻ የለውም። ይባስ ብሎ መብራት ጠፋ።

ጨለማ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አላያችሁም። ያ ጨለማ በእጅ የሚጨበጥ ነበር። አቧራው ጉሮሮውን ያዘው። ደረቱ ሲር ሲር ማለት ጀመረ። በዓሉ እስኪያልፍ ማን ሊመጣ ነው?

ከዚያ ኮቴ ሰማ። ጸሐፊዋ እልፍነሽና የጥበቃው ሰው ናቸው። ጥበቃው የውጭውን በር ልቆልፍ ነበር፣ ኃላፊው ሲወጣ ግን አላየሁም ይላታል።

«ሰውዬው እኮ መውጣቱም ምስጢር ነው» አለች እልፍነሽ እየሳቀች።

ልጩህ? አለ በልቡ። ከጮኸ ይድናል። ከጮኸ ግን ክፍሏ ትታወቃለች። ምን አደረገ መሰላችሁ? አንኳኳ። አንኳኳ፤ ግን እንዳይሰማ አድርጎ፣ በጣቱ ጫፍ፣ ቀስ ብሎ አንኳኳ።

«ምንድን ነው ኳ ኳ የሚለው?» አለ ጥበቃው።

«አይጥ ነው። የመንግሥት አይጥ ስለሆነ ሥራውን ይሥራ፣ ተወው።»

ኮቴው ራቀ። የውጭው በር ሊዘጋ ሲጥጥ አለ። አቶ ጥብቅ ትንፋሽ አጠረው። ላቡን ሊጠርግ ለመሐረብ እጁን ኪሱ ሲከት ያንን ደብዳቤ ነካ። ያኔ ገባው። የሚጠብቀው ምስጢር ከተነሣ ሰንብቷል። ሊሞትለት የነበረው ነገር የለም። የሚያድነው ቃል ልቡ ላይ ተለጥፎ ነበር።

«እልፍነሽ! እዚህ ነኝ! ክፈቱልኝ!»

እንኳን እልፍነሽ፣ ሰባት ቀበሌ ሰማው። ሮጠው መጥተው ሲከፍቱ ተንበርክኮ አየሩን እንደ ውኃ ይጠጣ ነበር። እንደ ምንም ብሎ፣ ይህን ክፍል ስለደበቅኋችሁ ይቅር በሉኝ አላቸው።

እልፍነሽ ክንዱን ይዛ አነሣችው። ሳቋ ጠፍቷል። «ጋሼ፣ ክፍሏን እኮ ሁላችንም እናውቃታለን። እርስዎን ደስ ስለሚልዎት ነው ዝም ያልነው። እርስዎ ይሆናሉ ብለን ግን አላሰብንም። ሰው እንደዚያ አያንኳኳማ።»

ምእመናን፣ እናንተስ? በልባችሁ ጓዳ እንዲህ ያለች ክፍል ያላችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ያንን ነገር ማንም አያውቅም ትላላችሁ። ሚስትህ ታውቃለች። ጎረቤትሽ ታውቃለች። እርሱማ አንተ ሳትፈጠር ያውቀዋል። ታዲያ ከማን ነው የምትደብቁት?

መክፈቻው ደብዳቤ ከተጻፈ ቆይቷል። በመስቀል ላይ በደም ተፈርሟል። ኪሳችሁ ውስጥ ነው። ቤተ ክርስቲያን ንስሐን ምን ብላ እንደምትጠራው ታውቃላችሁ አይደል? ምስጢር ትለዋለች፤ ምስጢረ ንስሐ። የመንግሥትን ምስጢር ቢናገሩት ያሳስራል። ይህን ምስጢር ግን ካልተናገሩት ነው እስራቱ።

እናንተም ታንኳኳላችሁ፣ አውቃለሁ። ንስሐ አባታችሁ ዘንድ ሄዳችሁ፣ በጾም ወተት ቀመስኩ፣ ጎረቤቴን አማሁ ብላችሁ ትመለሳላችሁ። ትልቁ ውስጥ ቀረ። እሱ ማንኳኳት አይደለም፤ እሱ አይጥ ነው።

እኔ ፈርቼላችኋለሁ። ኮቴው እየራቀ ነው። የውጭው በር ሲጥጥ ብሏል። አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ቀስ ብላችሁ አታንኳኩ።