በሰማይ ላይ የተባሉ «ይቅደሙ»ዎች

አንድ ትልቅ አየር ማረፊያ ውስጥ ትርንጎ የምትባል የበረራ ተቆጣጣሪ ነበረች። ሥራዋ ለመናገር አጭር፣ ለመሥራት ግን ረጅም ነው፦ ለማረፍ የሚመጡትን አውሮፕላኖች ተራ አስይዛ፣ አንዱ ሌላው ላይ እንዳይደርስበት አራርቃ ማስገባት።

አንድ የክረምት ቀን ደመናው ሰማዩን ደፍኖት ሳለ ሦስት አውሮፕላኖች ተከታትለው መጡ። የፊተኛውን የሚያበርረው ናሁሰናይ የሚባል ጎልማሳ ነው። መካከለኛው የካፒቴን ገብረየስ ነው። እኚህ አንጋፋ ናሁሰናይን ያስተማሩ፣ ትርንጎንም «ይህች ልጅ ትችላለች» ብለው ለዚያ ወንበር ያበቋት ሰው ናቸው። ያ ቀን የመጨረሻ በረራቸው ነበር፤ ቤተሰባቸው ታች አበባ ይዞ ይጠብቃቸዋል። ሦስተኛው መንገደኛ ጢም ብሎ የሞላበት ግዙፍ አውሮፕላን ነው፤ አብራሪው የውጭ አገር ሰው ነው።

ደንቡ በሬዲዮ ሁሉም በእንግሊዝኛ ይነጋገር ይላል፤ በዚያ ሰማይ ላይ ያለ ሁሉ እንዲሰማ። ናሁሰናይ ግን ልቡ ፈነደቀና በአማርኛ ጀመረ።

«ጋሼ፣ በዛሬው ቀንማ ከፊትዎ አልገባም! ይቅደሙ።»

«ተው እንጂ ልጄ፣ ተራው ያንተ ነው።»

«በሞቴ ጋሼ!»

«እኔ ልሙት፣ ትገባለህ!»

ሞትን እንዲህ በፍቅር ሲጠሩት፣ እሱ ከኋላቸው እየመጣ ነበር።

ከትርንጎ አጠገብ የተቀመጠው ባልደረባዋ ጌጤነህ ሳቀ። «ጨዋነት ማለት ይሄ ነው! የሰርግ ቤት በር አስመሰሉት እኮ።»

ትርንጎ አልሳቀችም። ዓይኗ ራዳሩ ላይ ነው። ናሁሰናይ ማንም ሳያዘው ፍጥነቱን ቀንሷል። ካፒቴኑም እሱን ላለመቅደም ብለው ቀንሰዋል። አማርኛ የማይሰማው የኋለኛው ግን ምንም ሳይጠረጥር በታዘዘው ፍጥነት ይገሰግሳል። አውሮፕላኖቹን በሚያሳዩት ነጥቦች መካከል የነበረው ክፍተት እያየችው ጠበበ።

ማይኩን ያዘች። ለውጭ አገሩ ሰው ፍጥነቱን እንዲቀንስ በእንግሊዝኛ ነገረችውና ወደ ሁለቱ ዞረች። «ናሁሰናይ፣ ፍጥነትህን መልሰህ ግባ። ጋሼ፣ እርስዎ ወደ ግራ ታጥፈው ከፍ ይበሉ። ከሁሉም በኋላ ያርፋሉ።»

«አንቺ!» አለ ጌጤነህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በመሰናበቻቸው ቀን ሰውዬውን ጭራ ልታደርጊያቸው? ምነው፣ ለዚህ እንጀራ ያበቁሽ እሳቸው አይደሉም?»

የካፒቴኑም ድምፅ ተከተለ፤ ሻክሯል። «ትርንጎ፣ የምታዢው ማንን እንደሆነ አውቀሻል?»

ትርንጎ ድምፅዋን ሳትቀንስ መለሰች።

«አሳምሬ አውቄያለሁ፣ ጋሼ። ወደ ግራ ይታጠፉ። አሁኑኑ!»

የካፒቴኑ ነጥብ ቀስ እያለ ከመስመሩ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ግዙፉ አውሮፕላን፣ እሳቸው በነበሩበት ሰማይ ላይ አለፈ። ጌጤነህ ወንበሩን ወደ ራዳሩ አስጠጋ።

ካፒቴኑ ከሁሉም በኋላ አርፈው፣ ወደ አበባው ከመሄዳቸው በፊት ወደ ትርንጎ ክፍል መጡ። ከወንበሯ ተነሣችላቸው።

«ይቅርታ አልጠይቅዎትም፣ ጋሼ» አለች።

«ብትጠይቂኝማ እቀየምሽ ነበር» አሉ። «እኔና ያ ልጅ እርስ በርስ ስንከባበር፣ ከኋላችን ያለውን ሕዝብ ሳናማክረው ልንጨርሰው ነበር።»

ታላቅን ማክበር ደግ ነው፤ ማንም አይጠላውም። ነገር ግን ሁለት ሰዎች የሚገባበዙት የሦስተኛውን ሰው ሕይወት ከሆነ፣ ጨዋነት ሳይሆን ድፍረት ነው። ታላቅን ከልቡ የሚያከብርም፣ ሲሳሳት አይቶ አንገቱን የሚደፋው ሳይሆን «ይመለሱ» የሚለው ነው።

እስቲ እንጠያየቅ፦ በየመሥሪያ ቤቱና በየስብሰባው «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «እሳቸው እያሉ እኔ!» ስንባባል፣ ቋንቋችንን ሳይሰማ ከኋላችን የሚመጣውን ማን እያየልን ነው? ያየውስ ሰው፣ ቢናገር እናዳምጠዋለን ወይስ «ማን ሆነህ» እንለዋለን?