በጫማ ቀለም የጠቆረው ሸራ

ብርሃን ከሚውጠው ነገር ይልቅ የሚመልሰውን ነገር እጥፍ አድርጎ ይገፋዋል። ይኸው፣ አልቻልኩም፣ ዋናውን ቀድሜ ዘረገፍኩት! አሁን ታሪኩን ስሙኝ።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነበረች፣ የሳይንስ ክበብ አባል። የክበቡ ቲቸር "በፀሐይ ብርሃን ብቻ ለሚሄድ የጠፈር መንኮራኩር ሸራ ሥሩ። የተሻለው ሸራ ኤግዚቢሽን ላይ ይቀርባል" አሏቸው። ሞተር የለ፣ ነዳጅ የለ። ብርሃኑ ሸራውን በጣም በትንሹ ይገፋዋል፣ ግን አያቋርጥም። ጠፈር ላይ የሚይዘው አየር ስለሌለ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ይጨምራል።

ልጅቷ ማቅረቡን ከምግብ በላይ ፈለገችው።

ጓደኛዋ ትርሲት ደግሞ የቺፕስ ላስቲክ ገልብጣ፣ የሚያብረቀርቀውን ውስጡን ወደ ውጭ አድርጋ ወጠረችው። ክፍሉ በሙሉ "ትርሲትዬ፣ አንቺ እኮ ሌላ ነሽ" አለ። ልጅቷ የራሷን የካርቶን ሸራ ከዴስኩ ሥር ሸሸገችው። ቺፕሱን አብረው አይደል እንዴ የበሉት?

ቤት ገብታ አሰበች። "ጥቁር ልብስ ፀሐይ ላይ ያቃጥላል። ብርሃኑን ሁሉ ይይዛል ማለት ነው። ቆይ ብቻ፣ ትርሲት ታያታለች።" የካርቶን ሸራዋን በጫማ ቀለም አጠቆረችው።

በማግስቱ ቲቸር አዩት። "አስበሽበታል። ግን ጥቁሩን ሸራ ብርሃን አንዴ ገፍቶት እዚያው ይቀራል። የሚያብረቀርቀውን ሲመጣ ይገፋዋል፣ ነጥሮ ሲመለስም ይገፋዋል። በይ አስተካክዪው፣ ከሰዓት እመርጣለሁ።"

"ሊስትሮ ጀመርሽ እንዴ?" አለ አንዱ። ሳቁባት።

ትርሲት አልሳቀችም። ከቦርሳዋ የተረፈ የቺፕስ ላስቲክ አወጣች። "እንቺ፣ በዚህ ሸፍኚው።"

ልጅቷ ላስቲኩን አየችው። ከተቀበለች፣ "ያንቺ ይበልጣል" ማለቷ ነው። ጣቶቿ ገና በጫማ ቀለም ጠቁረው ነበር።

እስቲ ንገሩኝ፣ ጓደኛችሁ ስትመሰገን የምስጋናው ብርሃን እናንተም ላይ ያርፍ የለ? ምን ታደርጉታላችሁ? ትውጡታላችሁ? ውጣችሁስ ከመቃጠል በቀር ምን አገኛችሁ? እግዚአብሔር ለሷ ያበራው ከናንተ ቀንሶ ነው? "ጎበዝ ናት" ብላችሁ ብትመልሱትስ፣ እናንተንም አይገፋችሁም?

የትርሲት እጅ እንደተዘረጋ ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?