መሬት ያልደረሰው ደረጃ

አንድ በያጅ ነበረ። ሞጆ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ሰፊ ግቢ ያለው ጋራዥ ነበረው። ሥራው ምን መሰላችሁ? ከጦር ሠራዊት አገልግሎት የወጡ ከባድ መኪኖችን ይቀበልና ጀርባቸው ላይ የላሜራ ክፍል ይጭናል። ትናንት ወታደር ሲያመላልስ የነበረ መኪና በእሱ እጅ ቢሮ ይሆናል፣ ቤተ መጻሕፍት ይሆናል።

አንድ ቀን ለቆላ እናቶች ክሊኒክ እንዲሠራ ታዘዘ። መኪናው መንገድ በሌለበት እየገባ እርጉዞችን ሊያስመረምር ነው። እዚያ አገር ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ሁለት ቀን በእግር ያስኬዳል። ሰውዬው ይህን ሲሰማ ልቡ ተነካ። እናንተስ ብትሆኑ? ስድስት ሳምንት ደከመ። የክፍሉ መጋጠሚያ ምላጭ አያስገባም። የመኪናው አጥንት በሆነው ሻንሲ ላይ ያሰረው በብሎንና በጎማ ነው፤ መኪናው ጉድጓድ ገብቶ ሲጣመም ክፍሉ እንዳይሰነጠቅ። አልጋ አለው፣ መስኮት አለው፣ የእጅ መታጠቢያ አለው። በሩ ሥር ደግሞ ባለ አራት እርከን ደረጃ በየደለትና አረንጓዴ ቀባው።

ሐሙስ ጠዋት ሲስተር እቴነሽ መጣች። መኪናውን ይዛ ቆላ የምትወርደው ነርስ እሷ ናት። ቅዳሜ መነሳት አለባት፤ ቀናቸው የደረሰ እናቶች ይጠብቋታል። ዙሪያውን አየች፣ አደነቀች። ወደ ውስጥ ግን አልገባችም፤ ደረጃው ሥር ቆመች።

«ጋሽ ደምሰው፣ የመጀመሪያው እርከን ጉልበቴን አልፎ ሄደ እኮ!»

«ሆን ብዬ ነው፣ ሲስተር!» አለ ኮራ ብሎ። «ዝቅ ካለ ድንጋይ ይመታዋል። ይሄ ደረጃ አሥር ዓመት ቢሄድ ጭረት አይነካውም።»

«ሰውስ?»

«ሰውማ እግሩን ማንሳት ነው።»

ሲስተር ለእሳት መከላከያ ተብሎ ጥግ ላይ ከተቀመጠው አሸዋ ከረጢት ሞላችና፣ በነጠላዋ ሆዱ ላይ ጥብቅ አድርጋ አሰረችለት።

«በሉ እንግዲህ ይውጡ።»

ሠራተኞቹ ሥራቸውን ጥለው ከበቡት። ኩምሳ የሚባለው አንጋፋው የቦዲ ሠራተኛ አላስቻለውም። «ጋሼ! ስንት ወርህ ነው? ምነው ሳትነግረን!»

«አንተ ዝም በል፣ ሥራህን ሥራ!»

እግሩን አነሳ። ጭኑ ከረጢቱን ገጨው። ወደ ታች ሊያይ ጎንበስ ሲል የገዛ እግሩን አጣው፤ ሆዱ ሸፍኖታል። በእጁ የሚይዘው ፈለገ፤ የሚያዝ ነገር የለም። እንደምንም አንዱን እርከን ረገጠ፣ ወዲያው ሚዛኑን ሳተና ኩምሳ እቅፍ ውስጥ ወደቀ። ግቢው በሳቅ ተናወጠ።

እሱ ግን አልሳቀም። «ሲስተር፣» አለ አሸዋውን እንደታቀፈ፣ «ሁለት ቀን ተጉዛ መጥታ እዚህ ጋ ስትደርስ…»

«ትመለሳለች» አለች ሲስተር። «አፍራ ትመለሳለች። ደረጃውን አትወቅስም፤ ራሷን ነው የምትወቅሰው።»

በዚያው ቀን ያንን ያማረ ደረጃ በመቁረጫ ቆረጠው። መሐሉ ላይ ማጠፊያ አስገባ፤ መኪናው ሲሄድ ታችኛው ክፍል ታጥፎ ይወጣል፣ ሲቆም አፈር ድረስ ይወርዳል። እርከኖቹን አቀራረባቸው። ግራና ቀኝ የእጅ መደገፊያ ብረት ተከለ። አርብ ከሰዓት በኋላ ሲጨርስ፣ ማንም ሳያዘው ከረጢቱን ራሱ ሆዱ ላይ አሰረ።

«ዛሬስ ስንት ገባ?» አለ ኩምሳ።

«ዘጠኝ! ዞር በል፣ ምጤ መጥቷል!»

ወጣ። ብረቱን ይዞ፣ በዝግታ፣ እግሩን ሳያይ ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ከሁሉም በላይ የሚሰማው የእሱ ሳቅ ነበር። ቅዳሜ መኪናው ቆላ ወረደ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ልጠይቃችሁ። ይህ ሰው ክፉ ነበር? አልነበረም። ሰነፍ ነበር? ስድስት ሳምንት ደክሟል እኮ! ጥፋቱ አንድ ነው፤ ደረጃውን ሲሠራ ያሰበው ለደረጃው ነው።

እኛስ? ቤተ ክርስቲያናችን ያማረ ነው። መዝሙራችን ያማረ ነው። ሰው አይመጣም ብለን እናዝናለን። ሰውማ ይመጣል! ደጃችን ድረስ ይመጣል። እኛ ግን «መጀመሪያ ጠባዩን ያስተካክል» እንላለን። «መጀመሪያ መጠጡን ይተው፣ መጀመሪያ እንደ ሰው ይልበስ» እንላለን። ለምን? ስማችን እንዳይጫር!

ጌታችን እንዲህ አደረገን? እኛ ያለንበት አፈር ድረስ አልወረደም? አልቆሰለም?

ታችኛው እርከን ጭቃ ይነካዋል። ይጣመማል። ይጣመም! ብረት ይቃናል። አፍራ የተመለሰችውን እናት ግን ከየት ታመጧታላችሁ?

አንዳንዶቻችሁ አሁን አንድ ሰው ትዝ ብሏችኋል፤ ፊታችሁ ላይ አያለሁ። እህታችሁ ናት፣ ልጃችሁ ነው፣ ሦስት ዓመት ያላናገራችሁት ጎረቤት ነው። መጥቶ ይለምነኝ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። አትጠብቁ። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ፣ ምሳ ሳትቀምሱ፣ በሩን አንኳኩ። ሲከፍትላችሁም ጥፋቱን አትቁጠሩ። «እንደምን ከረምክ?» በሉት፣ ቀድማችሁ።