ተራ የሌለው ልጅ

የአንዲት ከተማ ስካውቶች ቦርሳቸውን አዝለው ሦስት ቀን ተራራ ለተራራ ሊጓዙ ተነሡ። ድንኳኑ የሚበቃው ለአሥራ ሁለት ልጅ ሲሆን፣ የተመዘገቡት ግን አርባ ነበሩ። አምና ያልሄዱት ይቅደሙ ተባለና የተራው መዝገብ ለድንኳን ጠባቂዋ ተሰጠ።

የከተማው ሹም የአቶ ደስበለው ልጅ አምናም ካቻምናም ሄዷል። አባትየው ግን ወላጆች የተሰለፉበት ድረስ መጥተው፣ «ልጄን አንደኛ ላይ ጻፊው» አሏት።

«ጌታዬ፣ ልጅዎ ተራው ሠላሳ ስምንተኛ ነው።»

«ተራ? እኔ ተራ ሰው መሰልኩሽ? በይ መዝገቡ ላይ ጻፊ፤ የደስበለው ልጅ ተራ ልጅ አይደለም ብለሽ። ጮክ ብለሽም አንብቢው። እምቢ ካልሽ ከነገ ጀምሮ ሥራ የለሽም።»

ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ ጻፈች፤ ጮክ ብላም አነበበች። ከዚያ የልጁን ስም ሰረዘችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ያዘዙኝን ነው፣ ጌታዬ። ተራ ላልሆነ ልጅ ተራ ከየት አመጣለሁ?» አለችና ወደ ሰልፉ ዞረች። «ከሠላሳ ዘጠነኛ ጀምሮ ያላችሁ አንድ ከፍ ብላችኋል፤ ሹሙን አመስግኑ።»