የጋሽ ውብሸት ጥርስ እና «ሁሉን ካላነበብኩ» ባዩ ዳታቤዝ

ተረት ተረት! ጥርሳችሁ ደህና ከሆነ «የላም በረት» በሉኝ። ካመማችሁም ግድ የለም፣ ራሳችሁን ነቅንቁልኝ።

ጋሽ ውብሸት የሚባሉ ሰው ነበሩ። መንጋጋ ጥርሳቸውን አሟቸው ሰሞኑን እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞር ብሏል። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ ይቺ ጥርስ ተነቅላ ይተኙ! ጉንጫቸውን በሻርፕ ጠቅልለው ሆስፒታል ሄዱ። ሐኪሙ ግን «ጋሼ፣ ካርድዎን ሳላይ አልነቅልም» አለ።

ካርድ ክፍል ሄዱ። ካርድ ሰጪዋ አስካለ «ኮምፒውተሩ ካላሳየኝ አልሰጥም» አለች። ኮምፒውተሩን ቢለምኑት «ዳታቤዙ ካልነገረኝ አላሳይም» አለ። ኮምፒውተሩ አላሳይም፣ አስካለ አልሰጥም፣ ሐኪሙ አልነቅልም፣ ጥርሷም አላስተኛም!

ዳታቤዙ ማለት ሆስፒታሉ ከተከፈተ ጀምሮ የመጣ በሽተኛ ሁሉ ተደባልቆ የታጨቀበት ጎተራ ነው። «ሁሉንም ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳላነብ አልናገርም። ገና «ሀ» ላይ ነኝ፤ ሀብታሙ የሚባሉትን እንኳ መች ጨረስኩ!» አላቸው። ዳታቤዙ አልናገርም፣ ኮምፒውተሩ አላሳይም፣ አስካለ አልሰጥም፣ ሐኪሙ አልነቅልም፣ ጥርሷም አላስተኛም!

ጋሽ ውብሸት ተናደው ወደ ዳታቤዙ ባለሙያ ወደ ትንቢት ሄዱ። «ልጄ፣ ይህን ግትር አንድ በይልኝ።»

ትንቢት ሳቀች። «እሱ ምን ያድርግ ጋሼ? ሁሉን አንድ ላይ አጉረንበት እኮ ነው። ሰዉን መጀመሪያ በመጣበት ወር ብንከፋፍለው፣ የእርስዎን ወር ብቻ ከፍቶ ያነባል፤ ሌላውን አይነካም።»

ከፈረንጅ መጽሐፍ እንደተማረችው አሥራ ሁለት ክፍል አበጀች። ዳታቤዙ ሰዉን እየለየ አስገባ፣ አስገባና ቀጥ አለ። «የጳጉሜዎቹንስ የት ላድርጋቸው? ቦታ ሳይሰጣቸው አልናገርም።»

«እርስዎ መቼ ነበር የመጡት?» አለች ትንቢት።

«ጳጉሜ ነዋ! ጠበል ልጠመቅ ወጥቼ አዳልጦኝ፣ እግሬን ተሰብሬ።»

ጳጉሜ ማደሪያ አጣች፣ ዳታቤዙ አልናገርም፣ ኮምፒውተሩ አላሳይም፣ አስካለ አልሰጥም፣ ሐኪሙ አልነቅልም፣ ጥርሷም አላስተኛም!

ትንቢት እፍረት ይዟት አሥራ ሦስተኛ ክፍል ጨመረች። ጠባብ ናት፤ ዳታቤዙ ገርበብ አድርጎ አየት ቢያደርግ ጋሽ ውብሸት ከነስብራታቸው እዚያው አሉ።

ያኔ ጳጉሜ ማደሪያ አገኘች፣ ዳታቤዙ ተናገረ፣ ኮምፒውተሩ አሳየ፣ አስካለ ሰጠች፣ ሐኪሙ ነቀለ፣ ጥርሷ ወጣች፣ ጋሽ ውብሸትም እዚያው ሐኪሙ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰዳቸው።

ተረቴን መልሱ፣ የኔን አፍ በዳቦ አብሱ። የጋሽ ውብሸትን ግን እንዳትነኩ፤ ጥጥ ነክሰው ተኝተዋል።